ሠላሳ ሰው የለበሰው ኮት

የተዘጋንበት መጋዘን ከእኛ በፊት የገብስ ማከማቻ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ የገብስ አቧራ፣ የጆንያ፣ የአይጥ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከግድግዳው ሥር የተደረደሩ ሰዎች አየሁ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ለአንዱ ብርድ ልብስ ሰጥቼዋለሁ፤ ለሌላው ጫማው ጠብቦት ለውጬለታለሁ፤ አንዱን ደግሞ ኮዳ ጣልክ ብዬ አፈር ድሜ አስግጬዋለሁ። የሻለቃችን ንብረት ያዥ ነበርኩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ብርድ ልብስ ይዘህልን መጣህ?» አለ አንዱ ከጥግ።

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን የቀረኝ ትዝታ ከፍርሃቱ ይልቅ ያ ሳቅ ነው።

የያዙን መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን ነው። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ስምንት ወር ተቀመጥኩ። ስለ ምርመራውና ስለ ዱላው ከእኔ የተሻለ የሚናገሩ አሉ። እኔ የማወራው ስለ አንድ ኮት ነው። ከሻለቃው ግምጃ ቤት አንዲት ማንኪያ እንኳ ሳልነካ የኖርኩ ሰው፣ ያንን ኮት ግን ይዤ ጠፍቻለሁ።

ኮቱ የልብስ ሰፊው ነበር። አሥር አለቃ ነው፤ የሻለቃውን ሱሪና ሸሚዝ ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነበር። ሲያዝ ወደ ዘመዱ ሠርግ እየሄደ ስለነበር በገዛ እጁ የሰፋውን ግራጫ ኮት ለብሶ ገባ። እኛ ሌሎቻችን በተያዝንበት ልብስ ነበርን። ሁለት ወር ሳይሞላ የሁላችንም ክርንና ጉልበት ወጣ።

የመጠየቂያው ቀን እሁድ ነው። እስረኛው አንድ በአንድ ይጠራና ግቢው መሀል ካለው አግዳሚ ላይ ከጠያቂው ጋር ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። ዘበኛው አጠገባቸው ይቆማል። ተራቸውን የሚጠብቁት ሴቶች ከሽቦው አጥር ውጭ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አንድ እሁድ ሾፌራችን በተቀዳደደ ሸሚዝ ሲወጣ እህቱ አይታው ራሷን ስታ ወደቀች። ተመልሶ ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ፤ ያመጣችለትን ዳቦም አልቀመሰም። ልብስ ሰፊው ተነሣ። ኮቱን አወለቀና ለቀጣዩ ተረኛ ዘረጋለት።

«ልበሰውና ውጣ» አለው። «እናትህን አታስደንግጣት።»

ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። ለጠያቂ የሚወጣ ሰው ኮቱን ለብሶ ይወጣል፤ ሲመለስ አውልቆ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ሠላሳ ሰው ነበርን፤ ቀጭን አለ፣ ድብልብል አለ፣ አጭር አለ፣ ረጅም አለ። ልብስ ሰፊው ኮሌታው ውስጥ የደበቃት አንዲት መርፌ ነበረችው። ክሩን ከብርድ ልብስ ጫፍ ይመዛል። እጅጌውን በቀላሉ በሚፈታ ስፌት ለአጭሩ ያጥፋል፣ ለረጅሙ ይለቃል፤ አንድ ሰው ወጥቶ እስኪገባ የሌላውን ልክ በጣቱ ለክቶ ይጠብቃል። እንዳይሳሳት ብሎ ለእያንዳንዱ ሰው በገበሩ በኩል፣ እጅጌው መታጠፍ ያለበት ቦታ ላይ፣ ትንሽ ቋጠሮ አሠረ። የእኔ ሁለት ቀይ ቋጠሮ ነበር።

ኮቱን የለበሰ ሰው አካሄዱ ይለወጣል። ቅማል ሲያድን የዋለው ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ ወገቡ ይቃናል፤ ደረቱ ይነፋል። ሲመለስም ወሬው አንድ ነው። «እናቴ ወፍረሃል አለችኝ!» ይላል። ሌላውም ገብቶ «ሚስቴ ወፍረሃል አለችኝ» ይላል። እኛም «ደግ፣ አሳመናት» እንላለን። ከዚያ በላይ ያስደሰተን ነገር አልነበረም። መርማሪውን ማታለል አልቻልንም፤ እናቶቻችንን ግን አታለልን።

አንድ ጊዜ የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ ወልቆ ጠፋ። የምንተኛበትን ገለባ ሁሉ በጣታችን አበጠርን፤ የለም። ልብስ ሰፊው ዘመድ የሞተበት መሰለ። በሳምንቱ ባለቤቴ ያመጣችልኝን ቆሎ እየቆረጠምኩ አንድ ጠንካራ ነገር ነክሼ ጥርሴ ተሸረፈ። ተፍቼ ባየው ግራጫ ቁልፍ ነው። ከሌሎቹ ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ ቁርጥ እነሱን ነው። አንዱ «ከቀሚሷ ወልቆ ነው» አለ። አንዱ «ተአምር ነው፤ እመቤቴ ናት» ብሎ አማተበ። ልብስ ሰፊው ብቻ ቁልፉን ሲያገላብጥ ቆየና «የኮት ቁልፍ ነው» አለ። ሌላ ምንም ሳይናገር ሰፋው።

ኮቱን ይዤ በጠፋሁበት እሁድ ከእኔ በኋላ ተረኛው መድፈኛው ነበር። ከሁላችን በዕድሜ ትንሹ፣ በቁመት ትልቁ ነው። እናቱ ከመርጡለ ማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቁት መጥተዋል። ግንባር ከሄደ ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ አልተያዩም። ሳምንቱን በሙሉ ስለ ኮቱ ብቻ ነበር ወሬው። ልብስ ሰፊው እጅጌው የመጨረሻ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ቋጠሮ አሥሮለታል፤ እሱም ኮቱን ለብሶ በመጋዘኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ መራመድ ተለማምዷል። እኔ ለብሼ ልወጣ ስል ትከሻዬን ጠረግ ጠረግ አደረገኝ።

«አደራ፣ ሃምሳ አለቃ፤ ወጥ እንዳታፈስበት» አለኝ።

ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ነበረች። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። በሶ አምጥታለች። ገና «ደህና ነሽ?» እንዳልኳት አንድ ሌላ ዘበኛ ወረቀት ይዞ መጣና ስሜን ጠራ።

«ተፈትተሃል። ከዚሁ ሂድ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ባለቤቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችው።

«ገብቼ ዕቃዬን ላምጣ» አልኩ።

«ኮትህን ለብሰሃል» አለ ዘበኛው፤ «ሌላ ምን ዕቃ አለህ?»

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። «ኮቱ የእኔ አይደለም፤ አስገባልኝ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ግን ባለቤቴ አጠገቤ ቆማለች። ይህን ሁሉ ወር ኮቱ የእኔ መስሏት፣ ባሌ ደህና ነው ብላ ስታድር ኖራለች። ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ ሸሚዝ ልታይ ነው፤ ውሸቴን ልታውቅ ነው። ሐፍረት አፌን ያዘኝ። ዝም አልኩ።

ከበሩ ስወጣ ባሕር ዛፉ ሥር አንዲት ሴት አገልግል አቅፈው ተቀምጠዋል። ተቀምጠው እንኳ አጠገባቸው ከቆሙት ይስተካከሉ ነበር። የማን እናት እንደሆኑ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። አንገቴን ደፍቼ በፊታቸው አለፍኩ።

በሚቀጥለው እሁድ ኮቱን ጠቅልዬ ተመለስኩ። በሩ ላይ ያገኘሁት ዘበኛ «የሉም፤ ተዛውረዋል» አለኝ። ወዴት እንደሆነ አልነገረኝም።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ሉማሜ ላይ፣ አውቶቡሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ሻይ ቤት ከፍተን ልጆች አሳድገንበታል። ኮቱ ጓዳ ውስጥ ካለው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ኖረ። አንድም ቀን አልለበስኩት። ባለቤቴ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ ታስመታውና መልሳ ትሰቅለዋለች። ለምን እንደማልለብሰው ግን ጠይቃኝ አታውቅም። ጓደኞቼ አንድ በአንድ እንደተፈቱና ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ በየዓመቱ እንደሚሰባሰቡ እሰማለሁ። ጥሪው ሲደርሰኝ አንድ ዓመት ጉልበቴን አመመኝ፣ ሌላ ዓመት መንገዱ አያስተማምንም፣ ሌላ ዓመት ለቅሶ አለብኝ አልኩ። ያ ሁሉ ለቅሶ ቢኖር ሉማሜ ላይ ሰው አይተርፍም ነበር።

ዘንድሮ ግን ልብስ ሰፊው ራሱ ከአውቶቡስ ወርዶ ሻይ ቤቴ ገባ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ጣቶቹ ግን ያኔ እንደነበሩ ናቸው። ተቃቅፈን አለቀስን። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ «የዘንድሮው እኔ ቤት ነው፤ ደብረ ማርቆስ። ና» አለኝ። «መድፈኛውም እናቱን ይዞ ይመጣል።» ስለ ኮቱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። አለመጠየቁ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲህ ዓይኔን በጨው አጥቤ እሄዳለሁ» አልኩ ለባለቤቴ። «እኝህን እናት ይቅርታ ሳልጠይቅ ብሞት መሬቷም አትቀበለኝ።» የቱን እናት እንደሆነ ብትጠይቀኝ ልነግራት ተዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀችኝም። ኮቱን ከምስማሩ አውርዳ፣ አራግፋ፣ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። «እኔም እመጣለሁ» ብላ ነጠላዋን አነሣች።

ልብስ ሰፊው ግቢ ውስጥ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። ገና ከበሩ ጭቅጭቅ ሰማሁ። አሥራ አራት ሽማግሌዎች እንደ ድሮው በቁመት ካልተሰለፍን ብለው ማን ከማን እንደሚበልጥ መስማማት አቅቷቸዋል። አንዱ «ያኔ እበልጥህ ነበር!» ይላል፤ ሌላው «ያኔማ ወገብ ነበረህ» ይለዋል። እኔን ሲያዩ ጭቅጭቁን ተዉት። ዓይናቸው ፌስታሉ ላይ ነው።

«ንብረት ያዡ መጣ!» ብሎ ጮኸ አንዱ። «ከነንብረቱ!»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ያ የገብስ መጋዘን ሳቅ፣ እሱ ራሱ ነው። ጥርሱ ብቻ ሳስቷል። እየጎተቱ ሳሙኝ፣ ጀርባዬን ደበደቡኝ፣ ጠላ አስያዙኝ። እኔ ግን ጠላውን አስቀምጬ ወደ ጥጉ ሄድኩ። መድፈኛው አርጅቶም ከድንኳኑ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። አጠገቡ እናቱ ተቀምጠዋል፤ ሰማንያውን አልፈዋል፤ ቁመታቸው ግን አሁንም አልተሰበረም።

«እማማ» አልኩ። «ያን ዕለት ይሄን ኮት ለብሼ በፊትዎ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ለልጅዎ ነበር የተዘጋጀው። የእኔ አይደለም ማለት ሲገባኝ ዝም ብዬ ወጣሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ትኩር ብለው አዩኝ።

«እህ! ያ ኮቱ ጉልበቱ የደረሰ ሰውዬ አንተ ነህ እንዴ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ስትሮጥ ነበር እኮ! ሰው ሲፈታ ይሮጣል አልኩ እንጂ ኮት ይዘህ መጥፋትህን መች አወቅሁ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እሳቸው ግን እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ኮቱ የሁሉም መሆኑንማ እዚያው ዛፉ ሥር ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሰው ሲወጡ ባይ፣ መንግሥት ነው እንዴ ኮት የሚያድላቸው ብዬ ጠየቅሁ። ያች ናት የነገረችኝ። አይ እማማ፣ አንድ ነው፤ እየተዋዋሱ ነው፤ አደራዎን እንዳያስታውቁባቸው አለችኝ።»

በጣታቸው ያመለከቱት ባለቤቴን ነው።

ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ መሬት መሬት ታያለች።

«ታዩን ነበር እንዴ?» አለ መድፈኛው።

«ሠላሳ እርምጃ አይሞላም እኮ!» አለች ባለቤቴ። «አንዱ ኮት ለብሶ ይገባል፤ ያው ኮት ሌላ ሰው ውስጥ ሆኖ ይወጣል። ዓይን የለንም? ወታደር ነን ትላላችሁ ደግሞ!»

ከአውሮፕላን መሰወር የተማርን ሰዎች ነበርን። በቅጠል፣ በጭቃ፣ በጥላ። ከሽቦ አጥር ማዶ ከተቀመጡ ሚስቶቻችን መሰወር እንዳለብን ግን ለአንዳችንም አልታየንም። አንዱ ሽማግሌ በሳቅ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀና ሁለት ሰዎች አነሡት።

ልብስ ሰፊው ብቻ አልሳቀም። ቀስ ብሎ ወደ ባለቤቴ ቀረበ።

«ቁልፏስ?» አላት።

«ሁለተኛው ወልቆ ነበር» አለች። «አንገበገበኝ። ገበያ ወጥቼ የሚመስለውን ፈልጌ ቆሎው ውስጥ ጨመርኩት። ትንሽ ሰፍቶብኛል።»

«ልክ ነው፤ ሰፍቷል» አለ ልብስ ሰፊው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስበው ኖርኩ።»

«እኔ ደግሞ ጥርሴን ሳስብ!» አልኩ። ያኔ ነው እኔም መሳቅ የጀመርኩት።

ግን አንድ ነገር ቀርቶኛል። «ታዲያ ያን ዕለት ምን ለብሶ ወጣልዎ?» ብዬ እናቱን ጠየቅኋቸው።

«ሸሚዙን ገልብጠን አለበስነው» አለ ልብስ ሰፊው። «ገልብጠነውም ያው ቀዳዳ ነው።»

እናቱ የልጃቸውን ክንድ ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ኮቱ ከበሩ ሲወጣ አይቻለሁ» አሉ። «አንዱ ወጣበት፤ እሰይ፤ እንግዲህ የእኔም ይወጣል አልኩ። እነዚያ ሴቶችማ ዘበኛው እንዳይሰማ አፋቸውን በነጠላ አፍነው እልል አሉ። ከዚያ የእኔው በዚያ በቀዳዳ ሸሚዝ መጣልኝ። ክርኑ ወጥቷል። እጄን ሰድጄ ክርኑን ያዝኩት፤ ሙቀቱን አገኘሁት። አራት ዓመት ሙቷል ሲሉኝ የነበረ ልጅ ነው። ኮት ለብሶ ቢመጣ ጨርቅ ዳብሼ እመለስ ነበር። አንተ ነህ እኮ ልጄን ያስነካኸኝ። ምኑን ነው ይቅር የምልህ?»

ከሠላሳ ዓመት በላይ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ እንዲህ በሳቅ መሀል ይነሣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እጃቸውን ስሜ ብዙ ጊዜ ቆየሁ።

ከዚያ ኮቱ ተገለበጠ። ቋጠሮዎቹ አሉ፤ ቀለማቸው ደብዝዟል እንጂ አንዱም አልተፈታም። ሽማግሌው ሁሉ መነጽሩን እያወጣ የራሱን መፈለግ ያዘ። «ይሄ የእኔ ነው!» «ኧረ የእኔ ነው፣ የአንተ ከላይ ነው!» ይባባላሉ። ባለቤት ያልተገኘላቸውም ነበሩ። ልብስ ሰፊው አንዷን ሰማያዊ ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ዳሰሳትና «የሾፌሩ» አለ። ሾፌሩ ከተፈታ በኋላ ብዙ አልቆየም።

«በል ተነሥ» አለ ልብስ ሰፊው መድፈኛውን። «ተራህ ነው።»

ከኮሌታው ሥር መርፌውን አወጣ። እዚያው ነበረች፤ እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት አላየኋትም። የሁለታችን ዓይን ክር ማስገባት ስላቃተው ባለቤቴ አስገባችለት። የእኔን ልክ ፈታ፣ እጅጌውን እስከ አረንጓዴዋ ቋጠሮ ለቀቀ፣ ሰፋ። መድፈኛው ለበሰና ወደ ድንኳኑ በር ሄደ። ከዚያ ዞረ። ወገቡ ተቃና፤ ደረቱ ተነፋ። ያን ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ የተለማመደውን እርምጃ አንድም ሳያጎድል ወደ እናቱ ተራመደ።

እናቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆሙ። ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ሁለተኛዋን ቁልፍ፣ ያችን ሰፋ ያለችውን፣ በገዛ እጃቸው ቆለፉለት።

«ወፍረሃል» አሉት።

ያ ጩኸት፣ ያ እልልታ፣ ያ ሳቅ ገበያው ድረስ ተሰምቷል ብል አላጋነንኩም።

ኮቱ ለከርሞ እሁድ እስክንገናኝ መድፈኛው ጋ ቀረ። ከዚያ በየዓመቱ አንዳችን እየወሰድን እናስቀምጠዋለን። ልብስ ሰፊው መርፌውን ወደ ቦታዋ መልሷታል።

ማምሻውን ወደ ሉማሜ በሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ ከባለቤቴ ጎን ተቀምጫለሁ። ሜዳው የጤፍ አረንጓዴ ነው። ፌስታሉ ባዶውን ጭኔ ላይ ነው።

«ታውቂ ነበር» አልኳት።

«አውቅ ነበር።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልሽ?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነጠላዋን አስተካከለች።

«ምን ልበልህ?» አለች። «አምሮብህ ነበራ።»

ኮት የለበስኩ ያህል ወገቤን አቃናሁና ሉማሜ እስክንደርስ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።